ጆሮ ሲታክት

የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነበር። እንደ ወትሮው አልበሞች ለበዓሉ ተከታትለው ወጥተዋል፤ ከመሃላቸው ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ አዲስ ሥራውን ስጠብቅለት የኖርኩት ድምፃዊ አለ። ስልኬ አላርፍ ብሏል። "ሰማኸው?" "እንዴት ነው?" "መቼ ነው የምትጽፈው?" እኔ አልጋ ላይ ተጋድሜ፣ ሄድፎኑን ደረቴ ላይ አድርጌ ኮርኒስ አያለሁ። የሚታየኝ ሂሳብ ብቻ ነው፦ አሥራ ሦስት ዘፈን፣ ሃምሳ ስምንት ደቂቃ፣ ለመጻፍ ቢያንስ አራት ጊዜ መስማት አለብኝ፣ ድምሩ ወደ አራት ሰዓት። ከዛ መጻፍ። ከዛ የግጥምና የዜማ ደራሲዎቹን፣ የአቀናባሪዎቹን ስም ማጣራት። ከዛ ደሞ "ለእገሌ አድልተሃል" ለሚለው ሁሉ መልስ መስጠት።

ላዳምጠው አልፈለግሁም። ይሄን ለራሴ ሳምን ደነገጥኩ።

የሙዚቃ ሂስ ድረ ገጽ ነበረኝ። አምስተኛ ዓመት የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ ሳለሁ፣ ለመመረቂያ ፕሮጀክቴ ማዋል ከነበረብኝ ሰዓት ሰርቄ የሠራሁት ነው። አንድ የአማርኛ አልበም ሲወጣ "ምርጥ ነው" እና "አይረባም" ከማለት አለፍ ብሎ የሚነጋገር ሰው ማግኘት ፈልጌ አጣሁ፤ ስለዚህ ቦታውን ራሴ ሠራሁት። አራት ዓመት ተኩል ቆየ። 212 አልበሞች ተጽፎባቸዋል፤ 180ውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ የቀረውን ጓደኞቼ። ቀን ለመሥሪያ ቤት ሶፍትዌር እሠራለሁ፣ ማታ ሙዚቃ እሰማለሁ። የሰርቨሩን ኪራይ በዶላር የሚከፍልልኝ ሜሪላንድ ያለ ያክስቴ ልጅ ነበር፤ ውለታውን የምመልሰው በየጊዜው ቡናና በርበሬ በሰው እየላክሁ ነው። ማስታወቂያ አልነበረውም። ገቢ አልነበረውም። ማንም አላስገደደኝም። ታዲያ ማንም ያላስገደደኝ ነገር እንዴት እንደዚህ ጨረሰኝ?

አማርኛችን ለዚህ ስሜት ቃል አያጣም። "ደከመኝ" ያለ ሰው ተኝቶ ይነሳል። "ሰለቸኝ" ያለ ጥፋቱ የነገሩ ነው፤ ሌላ ይፈልጋል። "ታከተኝ" ግን ሌላ ነው። ነገሩን ሳትጠላው አቅምህ ሲከዳህ፣ አሁንም ዋጋ እንዳለው እያወቅህ እጅህ አልነሳ ሲል ነው። የቢሮ ሰው ዛሬ ይሄንን "በርንአውት" ይለዋል። እኔም እንደዛ ነበር የምለው፤ ድረ ገጹ ከጠፋ በኋላ ግን የቃሉን ታሪክ ሳነብ ያልጠበቅሁትን አገኘሁ። ቃሉ መጀመሪያ የተነገረው ስለ ቢሮ ሰው አልነበረም። በነፃ ስለሚሠሩ ሰዎች ነበር።

ቃሉን ወደ ሥነ ልቦና ያስገባው ኸርበርት ፍሮይደንበርገር ይባላል። ፍራንክፈርት ተወልዶ፣ በልጅነቱ ከናዚዎች ሸሽቶ ኒው ዮርክ የገባ አይሁዳዊ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ማንሃተን ውስጥ የራሱ የሥነ ልቦና ሕክምና ቢሮ ነበረው። ቀኑን ሙሉ እዚያ ከፋይ ታካሚዎችን ሲያይ ይውልና፣ ሲመሽ ቢሮውን ቆልፎ ወደ ሌላ ሰፈር ይሄዳል፤ በሱስ የተጎዱና ቤት የሌላቸው ወጣቶች ያለ ክፍያ ወደሚታከሙበት ነፃ ክሊኒክ። እዚያ የሚሠሩት በአብዛኛው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ሰዓት የሚያስፈርማቸው የለም፣ ደመወዝ የለም፣ "በቃችሁ፣ ሂዱ" የሚልም የለም። እኩለ ሌሊት አልፎ ስብሰባ ይቀመጣሉ። ፍሮይደንበርገርም አብሯቸው ያመሻል፣ በማግስቱ ጠዋት ተነስቶ ከፋይ ታካሚዎቹ ጋ ይገባል።

አንድ ጊዜ ከቤተሰቡ ጋር ለእረፍት ሊሄዱ በተቆረጠበት ቀን ከአልጋው መነሳት አቃተው። ቀጥሎ ያደረገው ነገር ነው እኔን የገረመኝ፦ ቴፕ ሪከርደር ፊቱ አስቀምጦ ለራሱ ተናገረ፤ ከዛ ካሴቱን መልሶ፣ የራሱን ድምፅ እንደማያውቀው ታካሚ ድምፅ አዳመጠው። ሙያው ማዳመጥ የሆነ ሰው፣ ሌላውን ሲሰማ ኖሮ ራሱን የሚሰማው በማሽን ሆነ።

በ1974 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጽሑፍ አጭርና ለማንበብ ቀላል ነው። ምልክቶቹን ይዘረዝራል፤ የማይለቅ ድካም፣ የማይድን ጉንፋን፣ ራስ ምታት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ በትንሽ በትልቁ መቆጣት። አንዱን ሳነብ ግን የተጻፈው ስለኔ መሰለኝ፦ ሰውየው ሥራው ቦታ የሚያሳልፈው ሰዓት እየጨመረ፣ የሚሠራው ነገር እያነሰ ይሄዳል ይላል። በመጨረሻው ዓመት አንድ አልበም ለመጻፍ ሦስት ሌሊት ይፈጅብኝ ነበር። መጀመሪያ ላይ አንድ ይበቃኝ ነበር። ለዚህ ነገር ቀድሞ የሚጋለጠው ማን ነው ብሎ ሲጠይቅ ደግሞ ሰነፉን አይደለም የሚጠቅሰው፤ ራሱን የሰጠውን፣ ቃል የገባውን ነው።

ታሪኩ ከዚህ በኋላ ዘወር ይላል። ቃሉ ከነፃ ክሊኒኩ ወጥቶ ወደ ሆስፒታል፣ ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ባንክና ወደኛ ወደ ሶፍትዌር ሰዎች ተስፋፋ። በ2019 የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም አቀፉ የበሽታዎች ምደባ ላይ ትርጉም ሲሰጠው፣ ከሥራ ቦታ ጋር የተያያዘ ክስተት እንደሆነና ለሌላ የሕይወት ክፍል መዋል እንደሌለበት ጻፈ። ድርጅቱ ምክንያት አያጣም፤ ወሰን የሌለው ቃል ለሕክምና አይመችም። ግን እዩት፤ በጎ ፈቃደኞች መሃል የተወለደው ቃል ዛሬ በጎ ፈቃደኛውን አያውቀውም። ቀን በደመወዝ የምሠራው ሥራ ቢያቃጥለኝ ስም አለው። ማታ በፍቅር የምሠራው ቢያቃጥለኝ፣ "ካልፈለግህ ለምን አትተወውም?" ነው መልሱ። እናቴም ያለችኝ ይሄንኑ ነው።

የሙዚቃ ሂስ ታሪክ ደግሞ ከዚህ የማታ ሥራ ጋር የተጣበቀ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም ውስጥ ስለ ሮክ ሙዚቃ በቁም ነገር መጻፍ ከጀመሩት ቀዳሚው መጽሔት ክሮዳዲ ይባላል። ከሮሊንግ ስቶን ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ይቀድማል። የመሠረተው ፖል ዊልያምስ ነው፤ በ1966 መጀመሪያ፣ የስዋርትሞር ኮሌጅ የአንደኛ ዓመት ተማሪ፣ ዕድሜው 17። ልጁ ያደገው በሳይንስ ልብወለድ አፍቃሪዎች ልማድ ነው። እነዚህ ሰዎች ከድሮ ጀምሮ የራሳቸውን ትንንሽ መጽሔት እየጻፉ፣ በእጅ በሚዞር ማባዣ እያባዙ በፖስታ ይላላኩ ነበር። ዊልያምስ ያንን ዘዴ ወስዶ ለሙዚቃ አዋለው። የመጀመሪያው እትም ጥቂት ገጾች በስቴፕለር የተያያዙ ናቸው፤ ፎቶ የለ፣ ጌጥ የለ። እትሙ ውስጥ ስለ ሳይመንና ጋርፈንክል ጽፎ ነበርና ፖል ሳይመን ራሱ ኮሌጁ ማደሪያ ድረስ ደወለለት። ዶርም ውስጥ ላደረ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ መናገር አይጠበቅብኝም። እኔም የመጀመሪያው ድምፃዊ ሲደውልልኝ ስልኩን ይዤ ኮሪደር ላይ ወዲያ ወዲህ ስል ነበር፤ ክላሱ ቀረ።

ዊልያምስ ኮሌጁን ተወ፣ መጽሔቱ አደገ፣ ማስታወቂያ መጣ፣ ሠራተኛ መጣ። በ1968 መጨረሻ ለቅቆ ወጣ። ሃያ ዓመቱ ነው። ወደ ካሊፎርኒያ፣ ሜንዶሲኖ የሚባል ጫካ የበዛበት የባሕር ዳርቻ አካባቢ ሄደ። መጽሔቱ በሌሎች ሰዎች እጅ ለዓመታት ቀጠለ።

ከሁሉ በላይ የምወደው ግን ኋላ የሆነው ነው። ሃያ አምስት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1993፣ ዊልያምስ ክሮዳዲን በራሱ መልሶ አስነሳው። በትንሹ። እስከ 2003 ድረስ 28 እትም አወጣ። ሂሳቡን ሥሩት፤ በዓመት ሦስት እንኳ አይሞላም። የፈለገውን ሰምቶ፣ ስለፈለገው በረጅሙ ጽፎ፣ ያልሰማውን ሳይሰማ ያልፋል። በ2013 ሞተ።

እዚህ ላይ የምህንድስና ሰው ስለሆንኩ አንድ ነገር ልጨምር፤ የማይወድ ቢዘለው አይከፋኝም። የወረፋ ስሌት የሚባል ትምህርት አለ፤ ስልክ ማዞሪያ፣ ባንክ፣ ሰርቨር ሁሉ የሚሰላው በሱ ነው። አንድ አስተናጋጅ በሰዓት አሥር ሰው ማስተናገድ ቢችልና በሰዓት አሥራ አንድ ቢመጣ፣ ወረፋው ለጊዜው ረዘመ ማለት አይደለም፤ ሲረዝም ይኖራል። የሚያስደነግጠው ደግሞ ሁለተኛው ነገር ነው፦ የሚመጣው በአማካይ ዘጠኝ ተኩል ቢሆንም እንኳ፣ አመጣጡ እኩል ስለማይሆን ወረፋው በጣም ይረዝማል። ሰው ሳይተነፍስ የሚሠራበት ሥርዓት ላይ ላዩን ሲያዩት ጤነኛ ይመስላል። የኛ አልበሞች ደግሞ እንቁጣጣሽ፣ ገና፣ ፋሲካ እያሉ በጅምላ ነው የሚመጡት። ይሄንን ፈተና ላይ ጽፌ ያለፍኩበት ትምህርት ነው። ራሴ ላይ ግን አልሠራሁትም።

ወረፋውን ያሸነፈው ፒችፎርክ ነው፤ ያሸነፈበት መንገድ ደግሞ ሰው መጨመር ነው። ራያን ሽራይበር በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ ሃይስኩል ጨርሶ ሚኒያፖሊስ ወላጆቹ ቤት እያለ የጀመረው ነው። በ1999 ወደ ቺካጎ ተዛወረ፣ ጸሐፊ ቀጠረ፣ ከ0.0 እስከ 10.0 የሚሰጠው ነጥብ የአንድን ባንድ ዕድል የሚወስን ሆነ። በ2015 ኮንዴ ናስት የተባለው ትልቅ አሳታሚ ገዛው፤ በ2019 መጀመሪያ ሽራይበር ለቀቀ፤ በጥር 2024 ባለቤቱ ድርጅት ሠራተኛ ቀንሶ ጂኪው ከሚባለው የወንዶች መጽሔት ሥር አስገባው። መኝታ ቤት የተጀመረ ነገር አድጎ፣ ተሸጦ፣ በሌላ ሰው ስብሰባ ላይ ተወሰነ። (ነጥቡን በተመለከተ፣ እኔም ከአሥር እሰጥ ነበር። በ7.4 እና በ7.5 መካከል ያለውን ልዩነት እስካሁን ማስረዳት አልችልም። ሰው ግን ከጽሑፉ ይልቅ በሱ ነበር የሚጣላኝ።)

ሌሎቹ በዚያ መንገድ አልሄዱም። ስታይለስ በ2002 ተጀምሮ፣ በ2007 ኦክቶበር 31 ቀን ቆርጦ ራሱ ዘጋ። ታይኒ ሚክስ ቴፕስ ከ2001 ጀምሮ ሠርቶ በ2020 መጀመሪያ መጨረሻ የሌለው እረፍት ወጣ። ስታይለስ የዘጋበትን ቀን ብዙ ጊዜ አስባለሁ። መዝጋትም ሥራ ነው፤ ጉልበት ሳያልቅ መሠራት ያለበት።

አገር ቤት ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። አሜሪካ አንድ ድረ ገጽ ቢዘጋ አልበሙን ማን እንደሠራው የሚነግር ሌላ መቶ ቦታ አለ። እኛ ጋ የለም። እኛ ጋ የሙዚቃው መዝገብ ራሱ የቆመው ነገሩን ለብቻቸው በወደዱ ሰዎች ላይ ነው። በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማሳተሙ መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር፤ አምሃ እሸቴ የሚባል የሙዚቃ ቤት ባለቤት፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ፣ በ1969 እ.ኤ.አ. ሕጉን ተጋፍቶ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ ህንድ አሳትሞ አመጣ። እስከ 1975 ድረስ ወደ መቶ የሚጠጉ ነጠላ ሸክላዎች አወጣ፣ ከዛ ተሰደደ። ሸክላዎቹ ቁጥር ነበራቸው። ቁጥር ስለነበራቸው ነው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ በ1984 የማህሙድ አህመድን ሸክላ ሰምቶ ፍለጋ ሲነሳ፣ በ1997 "ኢትዮፒክስ" ብሎ ማሳተም ሲጀምር የሚከተለው ፈለግ ያገኘው። እሱም ቢሆን አንድ ሰው ነው።

ከሸክላው በኋላ የመጣው ካሴት ብዙ ጊዜ ዓመተ ምህረት እንኳ አይጻፍበትም። የድምፃዊው ፎቶ አለ፣ የሙዚቃ ቤቱ ስም አለ፣ አንዳንዴ የባንዱ ስም አለ። ሳክስፎን የነፋው፣ ቤዝ የመታው ማን ነው? ዛሬ ደግሞ ልባሱም የለም፤ ፋይል ብቻ።

ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ የድሮ ካሴት እጽፍ ነበር። ከሁሉም የምወደው ክፍል እሱ ነው። መርካቶና ፒያሳ ካሴት ያላቸው ሰዎች ጋ እየሄድኩ ፎቶ አነሳለሁ፣ እንዳዳምጥ ያውሱኛል፣ እጽፋለሁ። ከዛ ታች አስተያየት መስጫው ላይ ትልልቅ ሰዎች ይመጣሉ። "ልጄ፣ ኪቦርዱ ላይ የነበረው እሱ አይደለም፣ እገሌ ነው፤ እኔ እዚያው ነበርኩ።" እንዲህ ዓይነት አስተያየት ሲመጣ የኔ ጽሑፍ ምንም እንዳልሆነ ይገባኝ ነበር። ዋናው ነገር ከታች ነበር ያለው።

ታክቶኝ ሳለ የሰርቨሩ ኪራይ ማሳሰቢያ በኢሜል መጣ። ያክስቴ ልጅ ካርድ ጊዜው አልፎበታል። አንድ መስመር ብጽፍለት በአምስት ደቂቃ የሚያልቅ ነገር ነው። አየሁት፣ አልከፈትኩትም። በሳምንቱ ሌላ መጣ። እሱንም አልከፈትኩትም። ለማንም "ዘግቻለሁ" አላልኩም፤ ዝም ብዬ እንዲጠፋ ተውኩት። በወሩ ጠፋ፤ መጀመሪያ የተሰማኝ ደግሞ፣ ልዋሽ አልችልም፣ እፎይታ ነበር። ያን ቀን በጊዜ ተኛሁ።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ አንዲት ሴት ጻፈችልኝ። አባቷ ሳክስፎን ተጫዋች ነበሩ፤ አርፈዋል። ለአርባቸው የሕይወት ታሪካቸውን እያዘጋጁ ነው። አባቷ በአንድ ካሴት ላይ ከማን ከማን ጋር እንደተጫወቱ የተጻፈው የኔ ገጽ ላይ ነበር፤ እሳቸውም በሕይወት እያሉ በስልኳ ከፍታ አሳይታቸው ነበር። "ገጹ አልከፍት አለኝ፣ ወንድሜ። ምናልባት ሌላ ቦታ አስቀምጠኸው ከሆነ" ብላ ጠየቀችኝ።

ባክአፕ ነበረኝ። የስምንት ወር ባክአፕ። ጽሑፌን አገኘሁት፤ ስለ ዜማው፣ ስለ ቅኝቱ፣ ስለ ቀረጻው ጥራት ስምንት አንቀጽ። ነጥቡም አለ፤ 8.1። ስሞቹን የጻፉት ግን አንድ የድሮ የባንዱ አባል ናቸው፣ አስተያየት መስጫው ላይ፣ ከባክአፑ በኋላ። አምስት ሙዚቀኞች ነበሩ። እኔ የማስታውሰው አንድ ስም ብቻ ነው፣ የአባቷን። እሱን ደግሞ እሷም ታውቀዋለች።

ይቅርታ ጠይቄ ጽሑፉን ላክሁላት። አመስግና መለሰችልኝ። ምስጋናው ከስድብ የባሰ ነበር። አስተያየቱን የጻፉትን ሰው ለማግኘት ካሴት ሻጮቹ ጋ ሄጄ ጠየቅሁ፤ በሰው በሰው ስልካቸው ተገኘ፣ ስደውል ቁጥሩ አገልግሎት ላይ የለም አለኝ። አርባው አለፈ።

አሁን ድረ ገጹን አልመለስኩትም፣ አልመልሰውምም። ከባክአፑ ላይ ሂሱን ሁሉ ትቼ ስሞቹን ብቻ አወጣሁ፤ ድምፃዊ፣ ግጥም፣ ዜማ፣ አቀናባሪ፣ አጃቢዎች፣ ሙዚቃ ቤት፣ ከታወቀ ዓመተ ምህረት። የትኛውም ስልክ ላይ የሚከፈት ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። ቅጂው አራት ሰው ጋ አለ፤ አንዱ ያክስቴ ልጅ ነው። በወር አንዴ፣ ደስ ካለኝ፣ አንድ ካሴት እጨምራለሁ። ሂስ አልጽፍም። ስሰማም ሰዓት አልቆጥርም ለማለት ፈልጌ ነበር፤ እቆጥራለሁ፣ ግን እየቀነሰ ነው።

ያንን የእንቁጣጣሽ አልበም የሰማሁት ጥር ላይ ነው፣ ከሜክሲኮ ወደ ጀሞ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ኋላ ወንበር ጥጉ ላይ ተጨናንቄ። ማን እንደሆነ ሳላስተውል ሁለት ዘፈን አለፈ። ሦስተኛው ላይ መሲንቆ ገባ፣ ከዛ ድምፁ፤ ቀና አልኩ። ሹፌሩ መሃሉ ላይ ሲደርስ ዘለለው።

"ወንድሜ" አልኩት፣ "እሱን መልሰው፣ በናትህ።"